ሁለቴ ሲል ተቀይሮለት አሁንም የሚያንጠባጥብ የፊት ሾክ

ጥያቄው የመጣው ጅማ አካባቢ በሰቃና በደዶ መስመር ከሚመላለስ አንድ የግብርና ባለሙያ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «150 ሲሲ ሞተር አለኝ፤ 4 ዓመት ነድቼዋለሁ። የግራው የፊት ሾክ ዘይት ያንጠባጥባል። ጅማ አንድ ጋራዥ ወስጄ ሲሉን፣ ማለትም ዘይቱን የሚያግደውን የጎማ ቀለበት፣ አስቀየርኩ። ሁለት ወር ሳይሞላው እንደገና ጀመረ። ደግሜ አስቀየርኩ፤ አሁንም ያው ነው። ፍሬን ስይዝ ደግሞ ፊቱ ወደ መሬት ይደፋል። አንድ ወዳጄ ‹40 ቁጥር የሞተር ዘይት ሙላበት፣ ወፍራም ስለሆነ አያፈስም› አለኝ። ልሙላበት? ራሴስ ልሠራው እችላለሁ?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አጭሩን መልስ ልስጥህ። 40 ቁጥር አትሙላበት። ራስህ ልትሠራው ትችላለህ፤ ግማሽ ቀንና ትንሽ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሦስተኛ ሲል ለመግዛት ግን አትሩጥ። ደህና ሲል ዓመታት ይቆያል። ሁለት ወር ያልቆየ ሲል አርጅቶ አይደለም፤ የሆነ ነገር ገድሎታል። ያ ነገር ካልተገኘ ሦስተኛውንም ይገድለዋል።

ጅማ ውስጥ ሞተር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆነኝ። ክረምቱ ወጥቶ የቡና ለቀማ እስኪደርስ ባለው ጊዜ ግቢዬ የሚሞላው እንዳንተ ባለ ሞተር ነው። እዚህ አካባቢ ዝናቡ ረጅም ነው። ቀዩ አፈር ሲረጥብ ይለጥፋል፣ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። የፊት ጎማው የሚረጨው ጭቃ የሚያርፈው ክሮሙ ቱቦ ላይ ነው። ማታ ሞተሩን ታቆመዋለህ፣ ጭቃው ይደርቃል። ጠዋት ስትነሳ የመጀመሪያዋ ጉድጓድ ላይ ሾኩ ይወርድና ያን የደረቀ ጭቃ ይዞ ሲሉ አፍ ውስጥ ይከተዋል። ከዚያ በኋላ የቀረው የቀናት ጉዳይ ነው።

ሾኩ ውስጥ ያለው ነገር ብዙ አይደለም። ብልጭ የሚለው የብረት ቱቦ ከታች ባለው የአሉሚኒየም እግር ውስጥ ይወርዳል፣ ይወጣል። ውስጡ ሞላ አለ፤ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። ታች ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ዘንግ ቆሟል። ሾኩ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ዘይቱ በእነዚያ ቀዳዳዎች ተጨናንቆ ያልፋል። የሞላውን ዝላይ የሚያበርደው ይህ ነው። ዘይት ባይኖር ሞተርህ እንደ ኳስ ይነጥር ነበር። ከዘይቱ በላይ የቀረው ቦታ አየር ነው፤ አየሩም ሲታመቅ እንደ ሞላ ይሠራል። ይህን አየር አትርሳው፣ እመለስበታለሁ። ሲሉ ሁለቱ ቱቦዎች በሚገናኙበት አፍ ላይ ተቀምጦ ዘይቱን ወደ ውስጥ ይመልሳል። የሚሠራው በቀጭን የጎማ ከንፈር ነው። ከከንፈሩ ሥር አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከተሸጎጠች ዘይቱ መውጫ አገኘ።

እንግዲህ አንድ ቡሎን ከመፍታትህ በፊት ይህን ሞክር። ያረጀ የራጅ ፊልም ፈልግ። ከአንዱ ቤት አልጋ ሥር አይጠፋም፤ ባለቤቱን ጠይቀህ ውሰድ እንጂ። የሁለት ጣት ስፋትና የጣት ርዝመት ያለው ቁራጭ ቁረጥ። በአንዱ ጫፍ፣ በጎን በኩል፣ እንደ መንጠቆ ትንሽ ጥርስ አውጣለት። ጠርዙን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው፤ ሻካራ ከሆነ ራሱ ሲሉን ይቆርጠዋል።

ሾኩን እጠብና አድርቅ። ከላይ ያለውን የአቧራ ጎማ በቀጭን ካቻቢቴ ዙሪያውን በቀስታ ፈልቅቀህ ክሮሙ ላይ ወደ ላይ ግፋው። ሥሩ ያለውን ስታይ ትደነግጥ ይሆናል፤ አንዳንዴ ሸክላ መሥራት የሚቻልበት ጭቃ አገኛለሁ። እሱን ጥረግ። አሁን ፊልሙን በክሮሙና በሲሉ መካከል አስገባው፤ ጥርሱ ከንፈሩን አልፎ እስኪገባ ድረስ። ከዚያ ቱቦውን እየተከተልክ ዙሪያውን አዙረው፣ በየመሀሉ ወደ ላይ ሳበው። ጥቁር ነገር ይዞ ይወጣል። በጨርቅ ጥረግና ድገም። ንጹህ ዘይት ብቻ ይዞ ሲወጣ በቃ። የአቧራውን ጎማ መልስ፣ የፊት ፍሬን ይዘህ አሥር ጊዜ ያህል ፊቱን ተጫነው፣ ክሮሙን ጥረግና አንድ ሁለት ቀን ነድተህ እይ።

ይህ ጨዋታ ሊመስልህ ይችላል። ግን እኔ ጋ ሲል ሊያስቀይሩ ከሚመጡት ብዙዎቹን በዚህች ቁራጭ ፊልም መልሻቸዋለሁ። ለኪሴ ባይመችም።

ፊልሙ ካላቆመልህ ክሮሙን ፈትሽ። መጀመሪያ ቱቦው ላይ፣ ከአቧራው ጎማ በላይ፣ ላስቲክ እሰርና አንድ ቀን ንዳ። ላስቲኩ ተገፍቶ የቆመበት ቦታ ሾኩ እስከ የት እንደሚወርድ ያሳይሃል። ከዚያ በላይ ያለ ዝገት መልክ ያበላሻል እንጂ ሲል አይነካም። ከዚያ በታች ያለው ላይ ግን ጥፍርህን ከላይ ወደ ታች እያንሸራተትክ ዙሪያውን ዳስስ። ዓይን ያላየውን ጥፍር ያገኘዋል። ጥፍርህ የያዘበት ቦታ ካለ የሁለት ወሩን እንቆቅልሽ ፈታኸው፦ ሾኩ በወረደ በወጣ ቁጥር ያ ነጥብ የሲሉን ከንፈር ይልጠዋል።

ከፍ ብሎ የወጣ ትንሽ ሹል ነገር ከሆነ 1000 ወይም 1500 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርጥበህ፣ ቦታውን ብቻ፣ ሹሉ እስኪጠፋ ለስለስ አድርገው። ቱቦውን በሙሉ አትፈግፍገው፤ ክሮሙ ስስ ነው። ወደ ውስጥ የገባ ጉድጓድ ከሆነ ሁለት አካላት ባሉት ብረት ማጣበቂያ ሞልተው፣ ሲደርቅ ለስለስ የሚያደርጉ አሉ። ለጊዜው ይይዛል። ዝገቱ ብዙ ቦታ ከሆነ ግን ቱቦው መቀየር አለበት። ውድ ነው፤ ነገር ግን በየሁለት ወሩ ሲልና የእጅ ዋጋ ከመክፈል ይሻላል።

ያንተ የግራው ብቻ መሆኑ ደግሞ ሌላ ነገር ያስጠረጥረኛል። ወድቀህ ታውቃለህ? ትንሽ አወዳደቅም ቢሆን ቁጠረው። የታጠፈ ቱቦ ሲሉን በአንድ ወገን ብቻ እየተጫነ ይበላዋል። ሾኩን ስትፈታ ቱቦውን ብቻውን ወፍራም መስታወት ላይ አንከባለው። ከሥሩ ብርሃን እየከፈተና እየዘጋ ከሄደ ታጥፏል። ብዙ የሞተር መመሪያዎች የሚፈቅዱት መጣመም 0.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም በዓይን የሚታየው በግድ ነው። በእሳት አሙቆ በመዶሻ ማቃናት የሚባለውን አትስማ። ክሮሙ ይሰነጠቃል፣ ብረቱም ጥንካሬው ይሄዳል።

ሳትወድቅም አንዱ ሾክ ብቻ የሚያንጠባጥብበት አንድ ምክንያት አለ፤ ይኼኛውን ጋራዦችም ይስቱታል። የፊት ጎማው ሲገጠም የጎማው ዘንግ ከጠበቀ በኋላ በብዙ ሞተሮች ላይ ከአንዱ እግር ግርጌ ዘንጉን የሚቆነጥጥ ትንሽ ቡሎን ይቀራል። እሱን ወዲያው ካጠበቅከው ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን እኩል ሳይቆሙ፣ አንዱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ተጎትቶ ይቀራል። ሾኩ እየተንቋቋ ይሠራል፣ ሲሉም ባንድ ጎን ያልቃል። መሆን ያለበት እንዲህ ነው፦ ዘንጉን አጥብቅ፣ ሞተሩን መሬት አውርድ፣ የፊት ፍሬን ይዘህ ሦስት አራት ጊዜ በደንብ ተጫነው፤ እግሮቹ ራሳቸው ቦታቸውን ይይዛሉ። ቆንጣጩ ቡሎን የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ጊዜ ጎማህ ተፈትቶ ተገጥሟል። ሁለቱንም ጊዜ ይህ መደረጉን ማን ያውቃል?

አሁን ወደ መፍታቱ። የቀኙ እግር ዘይት ጋራዡ ካልቀየረው 4 ዓመቱ ነው፣ የግራውም ጎድሏል፤ ስለዚህ ፊልሙ ቢያቆምልህም መፍታትህ አይቀርም።

ሞተሩን በመሀል መቆሚያው አቁመህ ከሞተሩ ሥር እንጨት አስገባበት፤ የፊት ጎማው አየር ላይ ይንጠልጠል። ነቅንቀህ እየው፣ እንዳይወድቅብህ። ባለሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ ከሥሩ የደገፉ ሰዎች አይቻለሁ። በርጩማዋ የተሠራችው ላንተ ነው፤ አንተ ተቀመጥባት።

ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። ጎማውን ከማውረድህ በፊት የላይኛውን የመሪ መቆንጠጫ ቡሎን አላላና የሾኩን የላይ ክዳን በሩብ ዙር ብቻ ፈታ አድርገው። ሾኩ ከወጣ በኋላ የሚይዝልህ ስለሌለ ያኔ ትታገላለህ። ከታች፣ ከእግሩ ግርጌ፣ በአለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ጎኑ) የሚፈታ ቡሎን አለ፤ እሱንም አሁኑኑ ትንሽ አላላው። ሞላው የውስጡን ዘንግ ተጭኖ ስለያዘ አብሮ አይሽከረከርም። ሞላው ከወጣ በኋላ ግን ዘንጉ አብሮ እየዞረ ያናድድሃል። ያ ከደረሰብህ የመጥረጊያ እጀታ ጫፉን ሹል አድርገህ ከላይ በቱቦው አስገባው፣ ዘንጉ አናት ላይ በመዶሻ ጠቅ አድርገው። እንጨቱ ዘንጉን ይይዛል፣ ቡሎኑ ይፈታል። ለዚህ ሥራ የተሠራ ቁልፍ አለ፤ እኔ ግን እስካሁን የምሠራው በመጥረጊያ እጀታ ነው።

ከዚያ ጎማው፣ የፍሬኑ ካሊፐር (ሸራዎቹን የያዘው ክፍል)፣ ፓራፋንጎው ይወርዳሉ። ካሊፐሩን በፍሬን ዘይት ቱቦው አታንጠልጥለው፤ በሲባጎ መሪው ላይ እሰረው። በሸራዎቹ መካከል ቁራጭ እንጨት አስገባ። ልጅ መጥቶ የፍሬን እጀታውን ከተጫነው ሸራዎቹ ገጥመው ሌላ ሥራ ይሆንብሃል። መቆንጠጫዎቹን አላላና ሾኩን እያዞርክ ወደ ታች ሳበው።

ክዳኑን ስትፈታ ፊትህን ዞር አድርግ። ሥሩ የታመቀ ሞላ አለ፤ በመጨረሻው ጥርስ ላይ ይተኮሳል። ጨርቅ ይዘህ በመዳፍህ እየተጫንክ ፍታ። ሞላው ሲወጣ የትኛው ጫፍ ላይ እንደነበር አስተውል፤ በብዙዎቹ አንዱ ጫፍ ጠበብ ጠበብ ብሎ የተጠመዘዘ ነው። በስልክ ፎቶ አንሳው። ዘይቱን ዕቃ ውስጥ ገልብጥና ቱቦውን ወደ ላይ ወደ ታች እያደረግህ የቀረውን አውጣ። ጥሩ ዘይት ሲገባ የጠራ ነበር። አሁን ግራጫ፣ እንደ አመድ ውሃ የመሰለ፣ እንደበሰበሰ ዓሣ የሚሸት ነገር ከወጣ አትገረም። ግራጫው ከውስጥ የተፋቀ ብረትና አሉሚኒየም ነው። ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። አሮጌውን ዘይት አዌቱ ወንዝ አትድፋው፤ ጀሪካን ውስጥ አጠራቅመው። አጥር እንጨት ለመቀባት የሚፈልገው ሰው አይጠፋም።

የታችኛውን ቡሎን ጨርሰህ ስታወጣ ከመዳብ ሮንዴላው ጋር ይመጣል። ሮንዴላው ይቀየራል፣ አሮጌው ተጨፍልቋል። ለሲሉ፣ የአቧራውን ጎማ አንሳ፣ ከሥሩ ያለውን የሽቦ ቀለበት በካቻቢቴ አውጣ። ከዚያ ክሮሙ ቱቦ በትናንሽ ሞተሮች ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ ይወጣል፤ ሲሉ እግሩ ውስጥ ይቀራል። ጎማ ማውለቂያ ብረት በጨርቅ ጠቅልለህ ፈልቅቀው። በአንዳንዶቹ ግን ውስጥ ቡሽ (ቱቦውን የሚያቅፍ ቀለበት) ስላለ ቱቦውን በኃይል ሳብ መለስ፣ ሳብ መለስ ታደርገዋለህ፤ ሲሉን ራሱ እየመታ ያወጣዋል። በየትኛውም መንገድ ሲሉ የሚቀመጥበትን የአሉሚኒየም ግድግዳ እንዳትጭረው። እዚያ ላይ የተጫረ እግር በሲሉ ውጭ በኩል ያፈስሳል፤ አንተ ደግሞ ሲሉን ትወቅሳለህ።

ሁሉንም በነጭ ጋዝ እጠብ፣ አድርቅ። ቃጫ በሚተው ጨርቅ ውስጡን አትጥረገው።

አዲሱን ሲል ስትገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ላዩ ላይ ሦስት ቁጥር ተጽፏል፤ ለምሳሌ 31፣ 43፣ 10.3። የመጀመሪያው የውስጥ፣ ሁለተኛው የውጭ ስፋት፣ ሦስተኛው ቁመቱ ነው። «ይሄም ይሆናል» የሚል ባለሱቅ ቢያጋጥምህ ቁጥሩን አሳየው። ጥንድ ግዛ። የአቧራውን ጎማም አብረህ ቀይር፤ የሚጠብቀው እሱ ነው፣ ሰዎች ግን ይቆጥቡበታል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ አዲስ ሲል ገና ሳይነዳ የሚሞተው። የክሮሙ ቱቦ ጫፍ ስለታም ነው። ሲሉን በዚያ ጫፍ ላይ በግድ ስትጨምረው ከንፈሩ ይቆረጣል፤ በዓይን አይታይም። ጫፉን በስስ ፌስታል ሸፍን፣ ፌስታሉን ዘይት ቀባው፣ ሲሉንም ቀባና በዚያ ላይ አንሸራትተው። ከዚያ ፌስታሉን ሳብ። ሲሉ ውስጥ ትንሽ የሽቦ ሞላ ያለበት ወገን ወደ ታች፣ ወደ ዘይቱ ነው የሚመለከተው፤ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ወደ ላይ ይሆናል። በካቻቢቴና በመዶሻ ጎን ጎኑን እየመቱ ማስገባት የለም። ልኩ የሆነ የውሃ ፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ፈልግ፤ የሲሉን ውጫዊ ጠርዝ ብቻ የሚነካ። በሱ ላይ እኩል እየመታህ አስገባ። የሽቦ ቀለበቱ ቦታ ሙሉ በሙሉ ሲታይህ ሲሉ ደርሷል። የታችኛውን ቡሎን በአዲስ ሮንዴላ መልስ። ቡሎኑ ብረት ነው፣ የሚገባው ግን ወደ ዘንጉ ስስ ጥርስ ነው፤ ጠበቅ አድርገው እንጂ በሙሉ ክንድህ አትንጠልጠልበት።

አሁን ወዳጅህ ወዳለው 40 ቁጥር ልምጣ።

የሞተር ዘይት ጣሳ ላይ ያለው 40 እና የሾክ ዘይት ጣሳ ላይ ያለው 10 በአንድ ሚዛን የተለኩ አይደሉም። የሞተር ዘይቱ 40 የሚለካው በ100 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ሞተር ስለሚግል። ሾክ እንደዚያ አይግልም፤ የሱ ዘይት የሚነጻጸረው በ40 ዲግሪ ነው። በ40 ዲግሪ 10 ቁጥር የሾክ ዘይት ውፍረቱ 32 ሴንቲስቶክ (የዘይት ውፍረት መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። 40 ቁጥር የሞተር ዘይት በዚያው ሙቀት 140 ገደማ ይሆናል። ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ያን የሚያህል ወፍራም ነገር በነዚያ ትናንሽ ቀዳዳዎች እንዲያልፍ ስታስገድደው ሾኩ ይደነዝዛል። ጉድጓድ ላይ አይወርድም፤ ድንጋጤው በቀጥታ ለእጅህ ይመጣል። ከወረደም ቶሎ አይመለስም። ወደ ሰቃ ስትሄድ እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ መንገድ ካጋጠመህ አንዱን እብጠት ሳይጨርስ ሁለተኛው ይደርስበታል፣ ሦስተኛው ይጨመርበታል። ሾኩ ተጨምቆ ይቀርና ጎማው መሬት ይለቃል። ኩርባ ላይ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሞተረኛ አልነግርም። ደግሞም አያቆመውም። የተቆረጠ ሲል ወፍራም ዘይትም ያወጣል፣ ትንሽ ዘግይቶ ነው እንጂ።

መመሪያ ደብተርህ የሚለውን ቁጥር ሙላ። ብዙ ትናንሽ ሞተሮች 10 ወይም 15 ይላሉ። የሾክ ዘይት ካጣህ ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ጥሩ ምትክ ነው። ውፍረቱ ከ10 ቁጥሩ ብዙ አይርቅም፤ የድሮ የሆንዳ መመሪያዎች ራሳቸው እሱን ያዙ ነበር። የትራክተርና የሎደር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ያላቸው ሃይድሮሊክ ዘይትም ይሠራል፤ 32 ቁጥሩ ከ10፣ 46 ቁጥሩ ከ15 ጋር ይቀራረባል። የፍሬን ዘይት ግን በፍጹም። ሲሉን አሳብጦ ያበላሸዋል።

መጠኑ ከዓይነቱ ያላነሰ ነገር ነው። በዚህ መጠን ያሉ ሞተሮች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ እግር ከ130 እስከ 200 ሚሊ ይወስዳሉ። ትክክለኛው የሞተርህ መመሪያ ላይ አለ። አንዳንዱ መመሪያ ሁለት ቁጥር ይሰጣል፤ ትንሹ ዘይት ብቻ ሲቀየር፣ ትልቁ እንዳንተ ተፈትቶ ታጥቦ ሲደርቅ ነው። «በግምት» የምትባለዋን ቃል ከግቢህ አስወጣት። የሕፃን ጡጦ ተጠቀም፤ ሚሊው በጎኑ ተጽፎ ይገኛል። ወይም 60 ሚሊ የሚይዝ ሲሪንጅ። ሁለቱም እግር እኩል መሆን አለበት።

«ቢበዛ ምን ይጎዳል?» ለሚል፣ እኔም ጀማሪ ሳለሁ እንዲሁ ብዬ ነበር። የአንድ የጤና ባለሙያ ሞተር ነው። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ በየእግሩ ሃምሳ ሚሊ ያህል ጨመርኩለት። ሰውየው ወደ አጋሮ ሄደ፣ በማግስቱ ተመለሰ። ሁለቱም ሲሎች ዘይት ተፍተዋል፣ የፓራፋንጎው ጎን ጥቁር ሆኗል። ያ ቅድም ያልኩህ አየር ነው። ዘይቱ ሲበዛ ለአየሩ የሚቀረው ቦታ ይጠባል። ሾኩ ጠልቆ ሲወርድ አየሩ ከመጠን በላይ ይታመቃል። መሄጃ ሲያጣ ደካማውን በር ይሰብራል፤ ደካማው በር ሲሉ ነው። ሰውየው አልተቆጣኝም። «እንግዲህ ዳግመኛ ሥራው» ብሎ ሻይ ጠጣ። ሲሎቹን በራሴ ወጪ ገዛሁ። እንዲያው ለማለት ያህል፣ ያንተም ሁለተኛ ሲል በዚህ ሞቶ ሊሆን ይችላል። ስትፈታ የሚወጣውን ዘይት ለካው። እያፈሰሰ ስለቆየ ግራው ያነሰ ይሆናል፤ ጋራዡ የቀኙንም ሞልቶት ከነበረ ግን ምን ያህል እንደሞላ እሱ ይነግርሃል።

ከሞላህ በኋላ ሞላውን ሳትመልስ ቱቦውን ቀስ ብለህ አሥር ጊዜ ወደ ላይ ወደ ታች አድርገው። አረፋ ይወጣል። አሥር ደቂቃ አስቀምጠው። ከዚያ ቱቦውን እስከ መጨረሻው ታች አውርድ፣ ቀጥ አድርገህ አቁም፣ ከቱቦው አናት እስከ ዘይቱ ድረስ በማስመሪያ ለካ። መመሪያህ ይህን ርቀት ከሰጠ ከሚሊው ይልቅ እሱን እመን። ካልሰጠ ቢያንስ ሁለቱን እግሮች አመሳስል። ያንተ ቀኝ እግር ባያፈስስም ዘይቱ ይቀየር፤ አንዱ አዲስ አንዱ ያረጀ ዘይት ከያዘ ሁለቱ እግሮች እኩል አይሠሩም።

ፊቱ ይደፋል ያልከውስ? በከፊል የተፈጥሮ ነው። ፍሬን ስትይዝ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ እንዲህ ዓይነት ሾክ ሁሉ ትንሽ ይወርዳል። ያንተ የበዛው ዘይት ጎድሎ ስለሆነ ይመስለኛል፤ አሁን በልኩ ስትሞላ አብዛኛው ይስተካከላል። ካልተስተካከለ ሞላው ደክሟል። ስትፈታ ርዝመቱን ለካና መመሪያው ከሚፈቅደው ትንሹ ርዝመት ጋር አስተያይ። ካጠረ ሁለቱም ሞላ ይቀየራል። በክዳኑ ሥር 10 ሚሊ ሜትር ያህል ቁራጭ ቱቦ ጨምሮ ማገዝም ይቻላል፤ እኔም አደርጋለሁ፤ ለደከመ ሞላ ግን ምርኩዝ ነው። ደግሞ አትሳሳት፦ ከኋላ የሚጫነው የቡና ጆንያ የፊት ሾክ አይገድልም፤ እንዲያውም ፊቱን ያቀላል። የሚጎዳው ታንከሩ ላይ ደረት ላይ ታቅፎ የሚሄደው ጆንያ ነው።

ለወደፊቱ፣ ጭቃ ውስጥ ከዋልክ ማታውኑ ክሮሙን በርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ይህ ብቻ ግማሹን ሥራ ይሠራል። የመኪና ማጠቢያው ልጅ ባለኃይል የውሃ ቱቦውን ሲሉ ላይ እንዲያነጣጥር አትፍቀድለት፤ ጭቃውን ወደ ውስጥ የሚነፋው እሱ ነው። እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈው የላስቲክ እጅጌ ለሞተርህ ልክ ከተገኘ ግዛ፤ ከተቀደደ ግን ጭቃና ውሃ አቁሮ ቱቦውን ያዝጋል፣ ያኔ አውልቀው። ዘይቱን በየዓመቱ፣ ክረምት ሲወጣ ቀይር። መመሪያዎች ከዚህ ረዘም ያለ ጊዜ ይሰጣሉ፤ የጻፏቸው ሰዎች ግን የደዶን ጭቃ አላዩም።

ሞተሩን ገጥመህ ከመነሳትህ በፊት የፍሬኑን ሸራ እየው። ወራት ሙሉ ሲያንጠባጥብ የነበረው ግራ እግር ነው፤ ካሊፐርህም በዚያው በኩል ከሆነ ሸራው ዘይት ጠጥቷል። በቤንዚን አጥቦ መመለስ የሚሉ አሉ። ላይ ላዩ ይጸዳል፣ ሲግል ከውስጡ ዘይቱን እንደገና ያወጣዋል። ሸራውን ቀይር፣ ዲስኩን በቤንዚን ጥረግ፣ ከግቢህ ሳትወጣ የፍሬኑን እጀታ ደጋግመህ ጨብጥ፤ የመጀመሪያው ጭብጥ ባዶ ነው የሚገባው። ከዚያ ሜዳ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ በቀስታ ሞክረው። የደዶን ቁልቁለት ከዚያ በኋላ ውረድ።